የላኪው ቁጥር

ኢንስፔክተር የማርያምወርቅ እሸቴ ሶዶ ከተማ ያለው የግል ክሊኒክ ስትደርስ ማክሰኞ አሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ጥሪው የደረሳት ስምንት ሰዓት ላይ ነው። የምርመራ ክፍሉ አንድ መኪና ብቻ አለው፤ እሱም ጠዋት ለሌላ ጉዳይ ወደ ቢጠና ከተማ ሄዶ አልተመለሰም። አንድ ሰዓት ሙሉ ጠብቃ ተስፋ ስትቆርጥ በባጃጅ መጣች።

ሬሳው ያለው በአዲሱ ሕንፃ፣ መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። ክፍሏን የክሊኒኩ ሰዎች «ሰርቨር ክፍል» ይሏታል፤ የሕሙማኑ መዝገብ የሚቀመጥበት ዋናው ኮምፒውተር እዚያ ነው ያለው። አምፖሉ በርቷል። ወለሉ ላይ የክሊኒኩ የኮምፒውተር ባለሙያ ይስሐቅ ባዳቾ በጀርባው ተዘርግቷል። ዕድሜው ሃያ ስድስት ነው። በቀኝ እጁ ከግድግዳው ማከፋፈያ የተመዘዘ፣ ጫፉ የተላጠ ሽቦ ይዟል። ከማጅራቱ የወጣው ደም ሲሚንቶው ላይ ደርቋል።

የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ኢሳይያስ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ኤሌክትሪክ ነው» አሏት ገና ሳትጠይቃቸው። «ሽቦውን ሲያስተካክል ያዘው። ወደ ኋላ ሲወድቅ ጭንቅላቱን የባትሪው ብረት መደርደሪያ መታው። የሞት ማስረጃውን ጽፌያለሁ።»

«መቼ ጻፉት?»

«ስምንት ሰዓት ገደማ።»

«እኔ ሳልመጣ?»

«ቤተሰቡ ከገሱባ መኪና ይዘው መጥተዋል። ነገ ጠዋት መቅበር ይፈልጋሉ። ምን ላድርግ?»

የማርያምወርቅ ተንበረከከች። ሽቦውን የያዙትን ጣቶች አንድ በአንድ ገልጣ አየች። የተቃጠለ ቆዳ የለም። ከዚያ ወደ ማጅራቱ ዞረች። ቁስሉ ውስጥ፣ ከደረቀው ደም ጋር የተጣበቀ ነጭ ክር ነበር፤ እንደ ጸጉር የቀጠነ፣ የተፈተለ የጥጥ ክር። በወረንጦ ነቅላ ወረቀት ውስጥ ጠቀለለችው።

«ቁስሉን የነካው ሰው አለ?»

«ማንም አልነካውም። ሞቶ ነው የተገኘው።»

መጀመሪያ ያነጋገረችው ሬሳውን ያገኘችውን ሩትን ነው። ሩት የካርድ ክፍል ሠራተኛ ናት፤ የይስሐቅም የአክስቱ ልጅ። ዓይኗ አብጧል፤ ቃላቱ በወላይትኛና በአማርኛ እየተቀላቀሉ ይወጡባታል።

«ምሳ አብረን ነው የምንበላው። ቦዬ ቀቅዬ አምጥቼለት ነበር። ሰባት ሰዓት አለፈ፣ አልመጣም። ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ ሄድኩ። ጠራሁት፣ ዝም። ምንም አይታይም፤ በሞባይሌ መብራት ነው ያየሁት። ጦሳው! አምላኬ! እግሩን ረግጬው ነበር።»

«ከዚያ በፊት የት ነበርሽ?»

«ጠዋቱን ሙሉ አዲሱ ሕንፃ፣ መድኃኒት ቤት። ጸሐፊዋ ታማ እኔ ነበርኩ የተካሁት። ዶክተርም ፊት ለፊት ቢሯቸው ውስጥ በሽተኛ ያዩ ነበር።»

«የሚጣላው ሰው ነበር?»

ሩት ትንሽ አመነታች። «አቶ ወልደመስቀል ጮኸውበት ነበር። ግን እሳቸው በሁሉም ላይ ይጮኻሉ።»

አቶ ወልደመስቀል የላቦራቶሪው ኃላፊ ናቸው። ቢሯቸው በአሮጌው ሕንፃ ነው፤ ግቢውን ተሻግሮ። ወንበር እንኳን አልሰጧትም።

«ሃያ ሁለት ዓመት በማይክሮስኮፕ ዓይኔን ያጠፋሁ ሰው ነኝ። ትናንት የመጣ ልጅ ‹የላቦራቶሪ መዝገብዎን ያሳዩኝ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ካለው ጋር ላመሳክር› ይለኛል! አባረርኩት። ስለሞተ አዝናለሁ፤ ስላባረርኩት ግን አልጸጸትም።»

«ለምን ማመሳከር ፈለገ?»

«አንድ ውጤት ተቀይሯል አለ። የማን እንደሆነ አልነገረኝም።»

«ዛሬ የት ነበሩ?»

«ጉኑኖ፣ ለቅሶ። ከአራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ። አርባ ሰው አይቶኛል።»

«ላቦራቶሪው ተቆልፎ ነበር?»

«አይቆለፍም። ክትባቱ እኔ ጋ ባለው ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ ነርሶቹ ይገባሉ፣ ይወጣሉ።»

ከጎን ባለው ክፍል የነርሶቹን ኃላፊ ሲስተር ሣራን አገኘቻት። አርባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጸጥ ያለች፣ በቤተ ክርስቲያንም በሥራ ቦታም የምትከበር ሴት። ስታለቅስ እንኳን መሀረቧን አራት አጥፋ ነው የያዘችው።

«እንደ ልጄ ነበር፣ ኢንስፔክተር። ሩት በሦስት ሳምንት ውስጥ የልጄ ሚስት ትሆናለች፤ ይስሐቅ ደግሞ ሚዜ ሊሆን ነበር።»

«ዛሬ አይተውት ነበር?»

«ጠዋት ሰላም ብሎኝ አለፈ። ከዚያ እዚሁ ሥራዬ ላይ ነበርኩ። ምን ጊዜም ይጣደፋል፤ መብራት ጠፍቶ ሳለ ሽቦ መነካካት ይወዳል። ስድስት ሰዓት ላይ ድንገት ሲመጣ ነው የያዘው። ስንት ጊዜ ነገርኩት!»

የማርያምወርቅ ይህንንም እንደሌላው ሁሉ ጻፈችው። ያ ዓመት መብራት በፈረቃ የሚሰጥበት ነበር፤ ስለ መብራት የማያወራ ሰው ሶዶ ውስጥ አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት አለቃዋ ጠሯት።

«ዶክተር ጽፎ ሰጥቷል። ምንድን ነው የምትጠብቂው?»

«ጣቶቹ አልተቃጠሉም።»

«አንቺ ሐኪም ነሽ?»

«አይደለሁም። ለዚህ ነው ሌላ ሐኪም እንዲያየው የለመንኩት።»

ሌላ ሐኪም ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጀባት። አንዱ ስብሰባ ላይ ነው፤ ሌላው ያለ ደብዳቤ አልነካም ይላል፤ ደብዳቤውን የሚፈርመው ሰው ደግሞ የለም። የሟቹ አባት አቶ ባዳቾ አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቆዩ። ባለፈች ቁጥር ቀና ብለው ያያሉ። በሦስተኛው «ልጄ፣ ልጄን ስጪኝ» አሏት። አልተቆጡም፤ መቆጣታቸውን በመረጠች ነበር። በመጨረሻ የተገኘው ሐኪም ኤሌክትሪክ ያደረሰው ምንም ምልክት አለማየቱን ጻፈላት፤ ልጁ የሞተው ማጅራቱን ተመትቶ ነው። አቶ ባዳቾ ሬሳውን ይዘው ወደ ገሱባ ሄዱ።

ከሰርቨር ክፍሉ የወሰደችው የይስሐቅ ማስታወሻ ደብተር እጇ ላይ ነበር፤ ሦስት ጊዜ አንብባው አንድም ገጽ አልገባትም። የቴክኒክ ኮሌጅ መምህር የሆነውን ታምራትን ፈልጋ አገኘችው። ታምራት ደብተሩን ሲያገላብጥ ፊቱ ቀስ በቀስ ተለወጠ።

«ይህን ልጅ ባውቀው ኖሮ!» አለ። «ምን እየሠራ እንደነበረ ልንገርሽ። አንድ ሰው የአንድ በሽተኛ ውጤት ኮምፒውተሩ ላይ ቀይሯል። ይስሐቅ ሳምንታዊ ቅጂ ስለሚያስቀምጥ አየው። አስተካከለው። ያ ሰው ደግሞ እንደገና ቀየረው። ስለዚህ በመሥመሩ ላይ የሚያልፈውን መልእክት ሁሉ አድፍጦ የሚያነብ ፕሮግራም ሠራ። ከባዶ አልጀመረም፤ ሌሎች ጽፈው በነጻ የለቀቁት፣ ላይብረሪ የሚባል ዝግጁ የፕሮግራም ስብስብ አለ፣ እሱን ነው የተጠቀመው።»

«ታዲያ ያዘው?»

«አልያዘውም። ላይብረሪው የሚናገረው መልእክቱን በመጨረሻ ያቀበለውን መሣሪያ ቁጥር ብቻ ነበር። ከጉኑኖ በአውቶቡስ ዕቃ ቢላክልሽ፣ ያስረከበሽን ረዳት ታያለሽ እንጂ ላኪውን አታይም አይደል? ከአሮጌው ሕንፃ የሚመጣው ሁሉ በአንድ አገናኝ መሣሪያ በኩል ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ‹ከአሮጌው ሕንፃ› ከማለት በቀር ምንም አይልም። የላኪው ስም ዕቃው ላይ ነው የተጻፈው። እሱ አይፒ አድራሻ ይባላል። ላይብረሪው እሱን አያነብም ነበር፤ እንዲያነብ አድርጎ ያሰፋው ይስሐቅ ነው።»

«ቀላል ነው?»

ታምራት የሦስት ሳምንቱን ገጾች ገለጠላት። *አሥራ አራት ባይት ዝለል፣ ከዚያ አሥራ ሁለት፣ ቀጥሎ ያሉትን አራት አንብብ። አልሆነም።* በሚቀጥለው ቀን፣ *ቁጥሩ ተገልብጦ ይወጣል።* በሚቀጥለው፣ *መብራት የለም።* በሚቀጥለው፣ *መብራት የለም።* ከዚያ በትልቁ፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ ተጭኖ፣ *ዛሬም አልሆነም!!*

የማርያምወርቅ ያልታሰበ ሳቅ አመለጣት። ሰውየውን ሳታውቀው ወደደችው።

የመጨረሻው መሥመር እንዲህ ይላል፤ *ሰኞ 8፡40። ተቀየረ። 192.168.2.13።*

ወዲያው ወደ አሮጌው ሕንፃ ሄዱ። እዚያ ያሉት ኮምፒውተሮች ሦስት ናቸው፤ የካርድ ክፍሉ፣ የላቦራቶሪውና የነርሶቹ። ይስሐቅ በእያንዳንዳቸው ላይ የመጨረሻውን ቁጥር በትንሽ ወረቀት ጽፎ ለጥፎባቸዋል። ካርድ ክፍል፣ 11። ነርሶች፣ 12። ላቦራቶሪ፣ 13።

አለቃዋ ይህን በሰሙ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አቶ ወልደመስቀልን አስያዟቸው።

«ጌታዬ፣ ጉኑኖ ነበሩ እኮ!»

«አርባ ለቀስተኛ ማን መቼ እንደወጣ ይቆጥራል?»

«ደግሞስ ላቦራቶሪው ውሸት መጻፍ ቢፈልግ ከመጀመሪያው ይጽፈው ነበር። ትክክለኛውን ጽፎ በኋላ ተደብቆ ለምን ያርመዋል?»

«ቁጥሩ የሚለውን ነው የምንሰማው። ወረቀት ላይ ተጽፏል።»

የማርያምወርቅ በሩን ከሚገባው በላይ በኃይል ዘግታ ወጣች። እየተበሳጨች ወደ ላቦራቶሪው ተመልሳ ያቺን ወረቀት ትኩር ብላ አየቻት። የካርድ ክፍሉ ወረቀት በኤሌክትሪክ ሠራተኞች ጥቁር ፕላስተር ነው የተለጠፈው። ይህ ግን በነጭ የቁስል ፕላስተር ነው። ወደ ነርሶቹ ክፍል ሄደች፤ እዚያም ነጭ። ከሥሩ የድሮው ጥቁር ሙጫ ምልክት፣ ከወረቀቱ ጋር ሳይገጥም፣ ወደ ጎን ወጥቶ ይታያል።

ለታምራት ደወለችለት። «ወረቀቱን ሰው ቢያቀያይረው ቁጥሩ ይቀየራል?»

«የቤት ቁጥር ቆርቆሮ አይደለም። ቁጥሩ ማሽኑ ውስጥ ነው ያለው። ሲበራ ራሱን ብንጠይቀው ይነግረናል።»

ማብራት ግን አልተቻለም። ረቡዕ ከሰዓት መብራት የለም፤ የጄኔሬተሩም ነዳጅ አልቋል። ሐሙስ ጠዋት የሰፈሩ ፈረቃ አይደለም። ታምራት ክፍል ጥሎ መጥቶ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። አቶ ወልደመስቀል ከነስኳር ሕመማቸው ጣቢያ አደሩ። የማርያምወርቅ የሞተውን ስክሪን ፊት ለፊት ተቀምጣ ሰዓቷን ስታይ ዋለች። ይስሐቅ ሦስት ሳምንት እንዴት እንደቆየ አሁን ገባት።

ቁጭ ብሎ መጠበቁ ሲያስመርራት ተነስታ ወደ መብራት ኃይል ቢሮ ሄደች። ተረኛውን ሠራተኛ አንድ ነገር ጠየቀችው፤ ማክሰኞ መብራቱ ስንት ሰዓት መጣ?

«እንደ ፈረቃው ስድስት ሰዓት መምጣት ነበረበት» አላት መዝገቡን እያየ። «ግን መሥመር ተበጥሶ ዘጠኝ ሰዓት ነው የመጣው።»

ስትመለስ የክሊኒኩን ዘበኛ ጠየቀችው። ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ ጄኔሬተሩን አስነስቷል፤ ክትባቱ እንዳይበላሽ። የጄኔሬተሩ መሥመር የተዘረጋው ግን ለአሮጌው ሕንፃ ብቻ ነው።

ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ መብራት መጣ። ታምራት ሁለቱን ማሽኖች አብርቶ ጠየቃቸው። የላቦራቶሪው ራሱን 12 አለ። የነርሶቹ 13።

ቀሪው የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነበር። የተቀየረው ውጤት ስም የለውም፤ የሚስጥር ቁጥር ብቻ ነው ያለው፤ ቁጥሩ የማን እንደሆነ የሚያሳየው ዝርዝር በዶክተር ኢሳይያስ ሳጥን ተቆልፎበታል። ዳኛው ሲፈርሙ መሽቶ ነበር። የማርያምወርቅ ዝርዝሩን ከፍታ ስሙን አነበበችው፤ ከዚያ ደጋግማ አነበበችው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም።

ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም በክሊኒኩ የስብሰባ ክፍል ተሰበሰቡ። ዶክተር ኢሳይያስ፣ የተፈቱት አቶ ወልደመስቀል፣ ሲስተር ሣራ፣ ሩትና ታምራት። አለቃዋ በሩ አጠገብ ተቀመጡ።

«ይስሐቅን ኤሌክትሪክ አልገደለውም» ብላ ጀመረች። «ከሞተበት ሰዓት ጀምሮ እስከተገኘበት ድረስ አዲሱ ሕንፃ ውስጥ ኤሌክትሪክ አልነበረም። ሩት በሞባይል መብራት ነው ያየችው። የመጣው ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሽቦውን እጁ ላይ ያስቀመጠው ሰው ግን ስድስት ሰዓት ላይ ይመጣል ብሎ ነው ያስቀመጠው።»

ዶክተር ኢሳይያስ አንገታቸውን ደፉ። «ስምንት ሰዓት ላይ ስጽፍ እኔም በባትሪ ነበርኩ። አላሰብኩትም። የክሊኒኩን ስም ብቻ ነበር የማስበው።»

«ለእሱ በኋላ ይጠየቃሉ። አሁን ሁለተኛው ነገር። ውጤቱን የቀየረው ማሽን የላቦራቶሪው አይደለም። ወረቀቶቹ ተቀያይረዋል። የድሮው ሙጫ አልይዝ ስላለ በቁስል ፕላስተር ተለጥፈዋል። አቶ ወልደመስቀል ጥፋተኛ ቢሆኑ የጥፋተኛውን ቁጥር አምጥተው በራሳቸው ማሽን ላይ አይለጥፉም።»

«ተመስገን!» አሉ አቶ ወልደመስቀል፤ ድምፃቸው ግን ተሰበረ። «መዝገቡን ባሳየው ኖሮ… ያን ልጅ መዝገቡን ባሳየው ኖሮ…»

«ሦስተኛ። እውነተኛው አሥራ ሦስት የነርሶቹ ማሽን ነው። በተረኞች መዝገብ መሠረት ሰኞ ስምንት ሰዓት ከአርባ ላይ ሌሎቹ ነርሶች ሁሉ የክትባት ዘመቻ ወጥተው ነበር። የቀረው አንድ ሰው ነው። አራተኛ። ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ መብራት መጣ ብሎ የነገረኝም አንድ ሰው ነው፤ በጄኔሬተር የበራ አምፖል ሥር የተቀመጠ ሰው።»

ሩት ቀስ ብላ ወደ ሣራ ዞረች።

«አምስተኛው ይህ ነው።» የማርያምወርቅ ወረቀቱን ፈትታ ነጩን ክር ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ቁስሉ ውስጥ ያገኘሁት የፋሻ ክር ነው። አንድ ሰው ደሙን ለማቆም ፋሻ አጥፎ ተጭኖበታል። ከዚያ ፋሻውን አንስቶ ሄዷል። እጁ የለመደው ሰው ነው። ሲስተር ሣራ፣ ጀምረው ለምን ተዉት?»

ሣራ መሀረቧን ጭኗ ላይ ዘረጋች፤ አጠፈች፤ እንደገና ዘረጋች።

«እኔን አልጠረጠረኝም» አለች በመጨረሻ። «አምስት ሰዓት ላይ አስጠርቶኝ ‹ሲስተር፣ አንድ ሰው ኮምፒውተርሽ ላይ እየተቀመጠ ነው፤ ማን እንደሆነ አጣሪልኝ› ነው ያለኝ። ‹ቁጥሩ አሥራ ሦስት ነው› ብሎ ነገረኝ። ተወው አልኩት። ለመንኩት። ፊቴን ሲያይ የቀየርኩት እኔ መሆኔ ገባው፤ የማን ውጤት እንደሆነ ግን አላወቀም። ለዶክተር ልናገር ብሎ ሊያልፈኝ ሲል ገፋሁት። መውደቁን… እንደዚያ ይወድቃል አላልኩም።»

«ፋሻውስ?»

«ኪሴ ውስጥ ነበር። እጄ ራሱ ነው ያወጣው።»

«ትንፋሽ ነበረው?»

ውጭ አንዲት እናት የምታለቅስ ሕፃን ታባብላለች።

«ነበረው።»

ሩት ከወንበሯ ተነሳች። «የማን ውጤት ነው?» አለች።

«እኔ አልናገርም» አለች የማርያምወርቅ። «ሕጉ ይከለክለኛል።»

«እርስዎን አልጠየቅኩም።» ሩት ዓይኗን ከሣራ አልነቀለችም። «ለጋብቻ ቤተ ክርስቲያን የምትጠይቀው ምርመራ ነው? የኤች አይ ቪ ነው?»

ሣራ ቀና ማለት አልቻለችም። «ደገፉ አንድ ልጄ ነው። የሠርጉ ጥሪ ካርድ ታትሟል። ሽማግሌዎች ፊት ቀርቦ ‹ሠርጉ ቀረ› ሲባል፣ ከተማው ሁሉ ለምን እያለ ሲጠይቅ… አልቻልኩም፣ ሩትዬ። ልጄን እንዲያዋርዱት መስጠት አልቻልኩም።»

«እኔንስ?» አለች ሩት።

ሩት ጠበቀች፤ በእውነት መልስ የምትጠብቅ ይመስል ቆመች። ይስሐቅ ለማን ሲል እንደሞተ ሳያውቅ መሞቱን ያኔ ነው ሁሉም የተረዳው።

«ደገፉ ያውቃል?» ሲሉ ዶክተር ኢሳይያስ ጠየቁ።

«አያውቅም። ደሙን ቀድቼ ቁጥሩን የለጠፍኩበት እኔ ነኝ፤ ነጻ ነህ ነው ያልኩት።»

«መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል፣ ሲስተር! እዚሁ ከተማ ውስጥ! ስንት ሰው አንቺ ራስሽ አስጀምረሻል!»

«አውቃለሁ» አለች ሣራ። «የሌላ ሰው ልጅ ሲሆን አውቀዋለሁ።»

አለቃዋ ተነስተው ውጭ የቆሙትን ፖሊሶች ጠሩ። ሣራ እጇን ስትሰጥ እንኳን መሀረቡን አልለቀቀችም። አቶ ወልደመስቀል ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

የማርያምወርቅ ሥራዋ አልቆ ነበር፤ ደስታ ግን አልተሰማትም። ይስሐቅ የፈለገውን አግኝቶ ነበር። ያለ ረዳት፣ ያለ መብራት፣ ማንም ሳይጠይቀው አግኝቶት ነበር፤ እሷ አራት ቀን ሙሉ የሮጠችው እሱ ሰኞ ዕለት ያወቀውን ለማወቅ ነው።

ሩት በሩ ላይ ዶክተር ኢሳይያስን አስቆመቻቸው።

«ደገፉ እናቱ መታሰሯን ከመንገድ ሰው ሊሰማ ነው።»

«አስጠርቼ እነግረዋለሁ። ሥራዬ ነው።»

«ሳይሰማ እንድረስበት። ውጤቱን እርስዎ ይንገሩት። የቀረውን እኔ እነግረዋለሁ።»

«ሩት፣ አንቺ ግዴታ የለብሽም» አለች የማርያምወርቅ።

«አውቃለሁ» አለች ሩት። «አላገባውም። እኔን ሲዋሹኝ ግን እውነቱን የሚነግረኝ ሰው እፈልግ ነበር። እሱንም ዋሽተውታል።»

ደገፉ የሚሠራበት የእንጨት ሥራ ቤት ከገበያው በታች ነው። ሦስቱ በእግራቸው ወረዱ። ከሩቅ የመጋዙ ድምፅ ይሰማል፤ መብራት ነበር። ሩት በሩ ላይ ስትደርስ ደገፉ ቀና ብሎ አያት፤ ፈገግ አለ፤ ከኋላዋ ያሉትን ሲያይ መጋዙን አጠፋው።

«ውጭ ና፣ ደገፉ» አለችው። «ሰው በሌለበት እናውራ።»